የስኳር ሹሟ አስቴር

የከተማው ስኳር በእሷ ፊርማ የሚወጣና የሚገባ ሴትዮ፣ እቤቷ ሻይ የምትጠጣው በከረሜላ ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ከረሜላዋን በጉንጯ ይዛ ሻዩን ፉት ትላለች፤ እናቷም እንደዚያው። በደርግ ጊዜ ስኳር ያጣ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው። ግን የስኳሩ አለቃ እንዲህ አደረገች ቢባል ማን ያምናል? ማንም አላመነም። የሴትዮዋ ጣጣ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው።

አስቴር ገመዳ ትባላለች። ቤቷ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ወርዶ ወርዶ የሰፈሩን አጥር ሊነካ ምንም በማይቀረው ቦታ ላይ ነበር። አባቷ ገመዳ ወለጋ ውስጥ ከመንደር መንደር በእግራቸው እየዞሩ ወንጌል የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ መሬት አላወረሱ፣ ከብት አላወረሱ። የተዉላት «የገመዳ ልጅ አትሰርቅም» የሚለውን ስም ብቻ ነው። እሷም ይህን ስም እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። ሌላው ሰው ቤቱን ሲያጥር እሷ ስሟን አጠረች። ምን ያደርጋል!

ከሚስዮን ትምህርት ቤት ወጥታ አዲስ አበባ እንደመጣች ፒያሳ በአንድ ግሪክ ነጋዴ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ቤት በሽያጭ ሠራተኝነት ተቀጠረች። ለሻጭነት ተፈጥራለች ይሏት ነበር። የገጠር ሰው ለሚስቱ ቀሚስ ሊገዛ ይመጣል፤ ቁጥሯ ስንት ነው ቢሉት ከየት ያውቃል? ሌሎቹ ልጆች ይስቁበታል። አስቴር ግን ሻጮቹን ሁሉ አሰልፋ «ከእነዚህ ማንን ትመስላለች?» ትለዋለች። ሰውየው አፍሮ፣ ተሽኮርምሞ፣ በመጨረሻ አንዷን ይጠቁማል። ቀሚሱም ልክ ይሆናል፣ ሰውየውም በዓመቱ ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ይመጣል። ግሪኩ ይህን አይቶ የሻጮቹ ኃላፊ አደረጋት።

ከዚያ ስልሳ ሰባት መጣ። ሱቁ ተወረሰ ተባለ። ግሪኩ ቁልፉን ለአስቴር አስረክቦ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ ኮቱን ብቻ ለብሶ ወጣ። የቀሩት ሠራተኞች፣ መንግሥት እስኪመጣ አንዳንድ ነገር ብንወስድ ማን ያያል አሏት። እሷ በሩን ከውጭ ቆልፋ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ሊረከቡ የመጡት ሰዎች አንድ ካልሲ እንኳ ሳይጎድል ሲያገኙት ገረማቸው። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ብለው የዚያው ሱቅ ሥራ አስኪያጅ አደረጓት። ቀጥሎ የተወረሱትን የልብስ መደብሮች ሁሉ ሰጧት። ሰባ አምስት ላይ ደግሞ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ለየቀበሌው ሱቅ የሚያከፋፍለው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነች። መኪና ከነሾፌሩ ተሰጣት። ጢማቸው የሸበተ ወንዶች «ጓድ አስቴር» እያሉ ከወንበራቸው ይነሱላት ጀመር፤ ከኋላዋ ደግሞ በሴት እንታዘዝ እያሉ ያጉረመርማሉ።

ሥራውን ታውቅበታለች። ከእሷ በፊት መኪናው መጀመሪያ የሚያራግፈው መሐል ከተማ ነበር፣ ዳር ያለው ቀበሌ የሚደርሰው ጥራጊው ነው። እሷ ገልብጣ ከዳር ጀመረችው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሳሙና በጊዜው ያገኙት በእሷ ዘመን ነው። ይህን ግን ማን ያስታውስላታል? ሰው የሚያስታውሰው ያልሰጠኸውን ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገሬ ሰው። ዘመዶቿ ከወለጋ ድረስ ይመጣሉ፤ በልተው፣ ጠጥተው፣ አድረው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ምንም አይላትም፤ ዓይን ዓይኗን ያያል። እሷ የጠረጠሯት መሰላትና ንጹሕነቷን ላሳያቸው ብላ ተነሣች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

የዚያን ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የሚያዘው በድንጋይ እንደነበር የኖረበት ያውቃል። ማልዶ የመጣ ሰው ድንጋዩን ያስቀምጣል፣ ወይ የተቀደደ ዘንቢል ወይ ቆርቆሮ፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ድንጋዩ ባለቤቱ ነው። ማንም አይነካውም፣ ቢነካ ጠቡ ለሽማግሌ ያስቸግራል። አስቴርም የዋና ሥራ አስኪያጅነቷን ትታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋይ ታስቀምጥ ጀመር። ሱቁን የሚጠብቀው ተክሌ የአለቃውን ድንጋይ ከጭራ ቢያየው ደነገጠና አንሥቶ ከፊት አኖረው። እሷ በሰው ሁሉ ፊት ድንጋዩን ተሸክማ ወደ ጭራው መለሰችው። ተክሌ መሬት ብትውጠው በወደደ። ሰልፈኛውም አላመሰገናትም። «ቤቷ ሞልቶ ተርፎ በእኛ ትጫወታለች» አለ።

እውነቱን የነገረቻት ዘሊካ ብቻ ናት። ዘሊካ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ፣ የባለሱቁ የነጅመዲን ሚስት ናት። አስቴር ቢሮ ስትውል እናቷን ወይዘሮ ጫልቱን የምታየው፣ ሲያማቸው የምታስታምመው እሷ ነበረች። በበዓል ሥጋው ለየቅል ነው፤ ከሥጋው በቀር ግን ያልተካፈሉት ነገር አልነበረም።

«አስቱ» አለቻት አንድ ቀን፣ «ወይ ብዪ፣ ወይ አትሰለፊ። እየቻልሽ አልበላሽም፣ ሳትበዪ ደግሞ ተሰለፍሽ። ይህን ማን አምኖ ይቀበልሽ?»

አስቴር ሳቀች። የሚያሳዝነው፣ ቀልድ መስሏት ነው።

በዓመቱ ነጅመዲን በድንገት ሞተ። ሱቁ ውስጥ ሚዛን እያስተካከለ ወደቀ፣ አልተነሣም። ድንኳን ተጣለ፤ ከመገናኛም ከመርካቶም ለቀስተኛ ጎረፈ። ለዚያ ሁሉ ሰው ቢያንስ ሻይ ያስፈልጋል፣ ስኳር ግን ከየት ይምጣ? የሹሞች ድግስ ሲሆን በአንዲት ወረቀት ትእዛዝ ኩንታል እንደሚወጣ ዘሊካ ታውቃለች። አስቴርን ወደ ጓዳ ጠራቻትና በነጻ አላልኩሽም፣ ዋጋውን እከፍላለሁ፣ ፈርሚልኝ ብቻ ብላ ለመነቻት። ባሏ ከጓዳው ግድግዳ ወዲያ ተገንዞ ተኝቷል።

አስቴር ዓይኗ እንባ ሞላ። እጇ ግን አልፈረመም። ለአንቺ ከፈረምኩ ነገ ለማን እምቢ እላለሁ አለቻትና እቤቷ ሄዳ የራሷንና የእናቷን የወር ድርሻ በአንዲት ከረጢት ጠቅልላ አመጣች። ዘሊካ ከረጢቷን ተቀብላ በእጇ መዘነቻት። ያ ስኳር ለመጀመሪያው ረድፍ ለቀስተኛ እንኳ አልበቃም። ወሬው ከድንኳኑ ቀድሞ ወጣ፤ የስኳሩ ሹም ለጎረቤቷ ለቅሶ እፍኝ ስኳር አመጣች ተባለ። እናትና ልጅ ከዚያ ወዲያ ነው በከረሜላ መጠጣት የለመዱት። ዘሊካም ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ጫልቱን ትጠይቃለች እንጂ ለአስቴር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበራትም።

ለዘሊካ ያልፈረመች እጅ ለጓድ ከበበ ትፈርማለች? ከበበ የድርጅቱ ካድሬ ነበር፤ ወንድሙን ሲድር ስኳሩንም ዘይቱንም በኩንታል ጠየቀ። የለም አለችው። የባሏን አስከሬን አስተኝታ የለመነችኝን ሴት መልሼ ላንተ የሠርግ አልፈርምም ብላ፣ ያውም ጸሐፊዋ እየሰማች። ከበበ ፈገግ ብሎ ወጣ። የካድሬ ፈገግታ ደግሞ ምን እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል።

ግምገማ ተጠራ። ስኳር የጠፋው አገር ውስጥ ስለሌለ ነው? አይደለም፣ በአሻጥር ነው ተባለ። አሻጥረኛዋ ማን ናት? ጓድ አስቴር። በዚያ ላይ ጴንጤ ናት፣ እሑድ እሑድ የት እንደምትውል ይታወቃል። ትናንት ከወንበራቸው ይነሱላት የነበሩት ሁሉ ዛሬም ተነሡ፤ እጃቸውን አውጥተው ሊመሰክሩባት። አንዱ እንኳ አልጎረበጠውም። ከዚያው ከስብሰባው ወደ እስር ቤት ተወሰደች።

ቤቷን ሊበረብሩ የመጡት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ነው። ፍራሹን ቀደዱ፣ ጣራውን ገለጡ፣ የጓዳውን ወለል ቆፈሩ። ወይዘሮ ጫልቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ምንም አልተገኘም። ምንም ካልተገኘ ንጹሕ ናት ይባላል ብላችሁ ይሆናል። እንዴት ተደርጎ! «ምን የመሰለች ብልጥ ናት፣ የት ቀብራው ይሆን?» ነው የተባለው።

ይህን ጊዜ ዘሊካ ከአጥሯ ወጣች። ያኮረፈችው ዘሊካ፣ የባሏ ሐዘን ገና ከላይዋ ያልወረደው።

«ይህቺ ሴት ሞኝ ናት እንጂ ሌባ አይደለችም» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ለባሌ ለቅሶ የጉሮሮዋን ነው ያመጣችልኝ። ቢኖራት ኖሮ ያን ቀን ከእኔ አትደብቅም ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ።»

ሰው አላመናትም፤ ግን ወደየቤቱ ተበተነ። 

አስቴር ወራት ታስራ፣ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተፈታች። ወደ ሥራ መመለስ የለም፣ ጡረታም የለም። ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋ ላይ ናቸው። ዘሊካ በነዚያ ወራት ከራሷ ጉሮሮ እየነጠቀች ስታበላቸው እንደነበር ያኔ ሰማች። እንዲያ ባለ ሰው የመታመንን ያህል ምን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ? ከተማው ሁሉ ሌባ ቢላት፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው እውነቷን ያውቃል። ለአስቴር ይኸው በቅቷት ነበር። አጥሩን አልፋ ሄዳ ተንበረከከችና የዘሊካን እጅ ሳመች፤ ዘሊካም አቅፋ አነሣቻት። ኩርፊያው እዚያ ላይ አበቃ።

እናቷ ግን እንቅልፍ አጡ። ምን ልንበላ ነው? ይህ ቤት ቢወሰድብንስ? እኔ ብሞት ማን ይቀብረኛል? ጭንቀቱ ከበሽታው የባሰ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ወደ አልጋው ጠሩና በሩን ዝጊው አሏት።

«አሁን ማንም የለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። የት ነው ያኖርሽው?»

አስቴር መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ሲገባት ግን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ከረሜላ በጉንጫቸው ይዘው አብረዋት ሻይ የጠጡ እናቷ ናቸው! ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። ፊታቸው ላይ ያየችው ግን ተስፋ ነው፣ ትንሽም ኩራት። ያስተማሯት ልጅ እንደ ሰው ብልጥ ሆናለች ብለው ተስፋ አድርገዋል። የለም ብትላቸው ያቺው ተስፋ አብራ ልትሞት ነው። አስቴር ተሸነፈች።

«ደህና ቦታ ነው እማዬ» አለቻቸው። «አትጨነቂ።»

«አውቄው ነበር» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ፣ ወደ ግድግዳው ዞረውም ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በማግስቱ ዘሊካ እንደ ልማዷ ገንፎ በሳህን ይዛ መጣች። አስቴር ቤት አልነበረችም፣ ሥራ ልትጠይቅ መገናኛ ወርዳለች። ወይዘሮ ጫልቱ የዘሊካ ድካም አሳዘናቸው። እግዜር ይስጥሽ፣ ከእንግዲህስ በእኛ አትጎጂ፣ ለክፉ ቀን ብላ ያኖረችው አላት፤ ራሷ ነግራኛለች አሏት። ለደግ ነው ያሉት። ስለሚወዷት ነው።

አስቴር ስትመለስ ዘሊካ አጥሩ ጥግ ቆማ ትጠብቃታለች። ባዶው ሳህን በእጇ ነው። የሰማችውን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። አስቴር ክው አለች። ዋሽቼ ነው፣ የለኝም፣ እሳቸውን ላስተኛ ብዬ ነው ብላ ማለች፣ ተገዘተች፣ የአባቷን አጥንት ጠራች። ዘሊካ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«ምናልባት እውነትሽን ይሆናል» አለች። «ግን ከሁለታችን አንዳችንን ዋሽተሻል። እናትሽን ነው ወይስ የባሌን ሬሳ አስተኝቼ የለመንኩሽን እኔን? እኔ በምን ልወቅ አስቱ?»

 ዘሊካ ሳህኗን ይዛ ገባች። በዚያ ሰፈር አስቴር ገመዳ አልበላችም ብሎ የሚሟገት አንድ ሰው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲያ እሱም አልነበረም።