የአክስቴ ቁልፎችና አምስት ጊዜ የተጠገነው ቧንቧ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም፤ በጨዋታዋ ደግሞ ይብስባታል። ከስፌት የተረፉትን የልብስ ቁልፎች በቆርቆሮ ሣጥን ታጠራቅምና በእያንዳንዳቸው ላይ በጥፍር ቀለም አንዳንድ ፊደል ትጽፍባቸዋለች። እሁድ ከምሳ በኋላ ሣጥኑ ይናጣል፤ እኛም ሳናይ ሰባት ሰባት ቁልፍ እናወጣለን። ከወጣልን ፊደል ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል መሥራት ነው። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ መዝገበ ቃላቱን ታገላብጣለች። ቃሉ እዚያ ውስጥ ከተገኘ አለቀለት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቃሉ ሁላችንም ለምናውቀው፣ ግን ስም ላልወጣለት ነገር ስም መሆን አለበት። ከዚያ ደግሞ ሠሪው በቃሉ ስለ ራሱ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። የዋሸ ዕቃ ያጥባል። ያሸነፈው ቃል በደብተር ይመዘገብና ሳምንቱን ሙሉ ቤተሰቡ ሁሉ ሲናገረው ይከርማል። በዚህ ሕግ የተነሳ እኔ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልተናዘዝኩት ነገር የለም።

ያን እሁድ ቧንቧ ሠራተኛው የመጣው ለጨዋታ አልነበረም። የኩሽናችን ቧንቧ በሁለት ወር ውስጥ ለአምስተኛ ጊዜ ማንጠባጠብ ጀምሮ ነው። ሰውዬውን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው "አንዴ" እያለ ነው፤ እሱ አንዴ የጠገነው ነገር ሁለተኛ ሰው አያስጠራምና። በዚህ ስሙ ይኮራል። የእኛ ቧንቧ ግን ስሙን አፈር እያስጋጠው ነበር። አክስቴም ገና ከበሩ ላይ፣ ከዛሬ በኋላ አንዲት ጠብታ ብታይ ሌላ ሠራተኛ እንደምትጠራ ቁርጡን ነገረችው። አመዱ ቡን አለ።

ለምን ቡን እንዳለ ከአክስቴ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቢያንስ እኛ የመሰለን እንዲያ ነው። ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመቱ ነው፤ መፍቻውን ይዞ ወደ እኛ ቤት ሲመጣ ሸሚዙ ተተኩሶ ነው። ሌላ ሠራተኛ ከተጠራ በዚያ በር የሚገባበት ምክንያት አይኖረውም። አክስቴ ደግሞ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስለ ትዳር የጠየቃትን ሰው ሱሪውን አሳጥራ ትሰፋበታለች። በዚያ ላይ በዚያ ሰሞን ቁጣዋ ብሶ ነበር። ትልቁ የጨርቅ መቀሷ ስለቱ ተሸራርፎ በመገኘቱ ጥፋቱ በእኔ ተሳብቦ ነበር። ብምል ብገዘት የሚሰማኝ አጣሁ።

ቧንቧ ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር የሆነው አባቴ ክንዱን ይዞ ከጠረጴዛው አስቀመጠው። እህቱ አክስቴ ዓይኗን ብታፈጥበትም አልሰማትም። ጎረቤታችን ነርሷም ቀድማ ቦታዋን ይዛለች።

አባቴ "ጠበንሶ" የሚል ቃል ሠራ፤ አንድ ክፍል ገብቶ ለምን እንደገቡ መርሳት ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ጠበንሶ ይዞት መኝታ ቤት ስለገባ፣ ነገሩ እስኪታወሰው ተመልሶ መተኛቱን አመነ። ነርሷ "ፍርንቡ" አለች፤ ስሙ የጠፋንን ሰው የኔ ወንድም እያልን ማቀፍ ነው። አለቃዋን ሦስት ዓመት ሙሉ ፍርንቡ ስታደርገው ኖራለች። አባቴ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። የእኔው ቃል መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የበቅሎ በሽታ ሆኖ ተገኘና ሳቁ በእኔ ላይ ሆነ። ነርሷ ጎኗን ይዛ ሶፋው ላይ ተዘረጋች፤ እኔም ብናደድ ብናደድ ሳቁ አሸነፈኝ።

ቧንቧ ሠራተኛው ብቻ አልሳቀም። ቁልፎቹን ሲያይ፣ ሲያነሳ፣ መልሶ ሲያስቀምጥ ቆየ። በመጨረሻ አራቱን ደረደራቸው፦ ዘነከፈ።

አክስቴ አገላበጠች፤ የለም። ትርጉሙን ጠየቀችው።

"ሥራ ጨርሶ ሲያበቁ፣ አንዷን የቧንቧ ማሰሪያ ዳዶ ሆን ብሎ ሳያጠብቁ መሄድ ነው" አለ፣ ቁልፎቹን እያየ። "ተመልሶ ለመጠራት።"

ነርሷ ከሶፋው ቀና አለች። አክስቴ ግን ዳኛ ናትና ፊቷን አልቀየረችም። "ዓረፍተ ነገሩስ?"

"እዚህ ቤት ከዛሬ በፊት ሁለት ጊዜ ዘንክፌያለሁ።" ላቡን በእጁ ጠረገ። "ዛሬም ዘንክፌ ነው የተቀመጥኩት።"

ሰውዬው ስንት ዓመት የገነባውን ስም በገዛ እጁ አፈረሰው። ሁላችንም አክስቴን ማየት ጀመርን። አባቴ ብቻ ጣቶቹን ይቆጥራል፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ይደምራል።

"ይሄ ሒሳብ አይገጥምም" አለ። "የመጀመሪያው ብልሽት የእግዜር ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተበላሽቷል። ሁለቱ የእርስዎ ከሆኑ፣ ሁለቱስ የማን ናቸው?"

የአክስቴ ዓይን ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደ፤ እኔም ተከትዬ አየሁ። የተሸራረፈው መቀስ እዚያ ላይ ተቀምጧል። ጨርቅ የሚቆርጥ መቀስ እንዲያ የሚሸራረፈው እንደ ዳዶ ያለ ብረት ሲነክስ ነው። ነገሩ ሲገባኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች። መዝገበ ቃላቱን ዘጋችው።

"እኔም ሁለት ጊዜ ዘንክፌያለሁ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልናገረው አልችልም። አባቴ "ገጠመ!" እያለ ጠረጴዛውን ሲደልቀው ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ነርሷ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። እኔ ስለ መቀሱ ይቅርታ እንዲጠየቅልኝ ብጮህ የሚሰማኝ የለም፤ ደግሞም ደስታው አላስቆጣ ብሎኛል። ቧንቧ ሠራተኛው አፉን ከፍቶ አክስቴን ያያል።

እሷ ደብተሯን ስባ ቃሉን ጻፈች። ሁለት ወር ሙሉ እርስዎ ስትለው የከረመችውን ሰው፣ ቀና ብላ ሳታየው፣

"በል ተነስና ዳዶውን አጥብቀው" አለችው። "ከእንግዲህ ዝም ብለህ ና።"