የተፋቀው ስም

ሰውየው ሳሮን ወደምትሠራበት፣ ኦስትኤንድ በሚባል የውጭ አገር ሰፈር ወዳለው ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች መሸጫ ሲመጣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ያው የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ያው ትንሽ የጉዞ ሻንጣ። ሻንጣውን በሩ ጋ ያቆምና ጊታሩን ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን አቅፎ ይገባል። ከማስቀመጡ በፊት ጠረጴዛውን በእጅጌው ይጠርጋል።

«ስገዛው አንድ ዝነኛ ዘፋኝ በእጁ ስሙን ስለጻፈበት ዋጋው አይወርድም ብለውኝ ነበር» አላት።

«ስሙ ቢኖርማ ጥሩ ነበር፣ ጋሼ።» ጊታሩ አናት ላይ፣ ስሙ በነበረበት ቦታ፣ በቢላ የተፋቀ እንጨት ብቻ አፍጥጧል። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔው ነኝ። በጌታ ጉባኤ ፊት የዘፋኝ ስም ይዤ ልዘምር እንዴ? በገዛሁት ሳምንት ፋቅኩት፤ አሥራ አንድ ዓመት ዘመርኩበት።»

ሳሮን ጊታሩን ቀስ ብላ ወደ እሱ መለሰችው። «አሁን እኮ ተራ ጊታር ነው። ዋጋው ለሚሉት የአውሮፕላን ትኬት አይበቃዎትም።»

«ዛሬ ካልተነሳሁ እናቴን በሕይወት አላገኛትም» አለ። ጣቱ የተፋቀውን ቦታ ዳበሰ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሙን አልረሳሁትም፣ ልጄ። መልሼ ብጽፈውስ?»