ከዜማው የቀደመ መቋሚያ

መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ያናደዳቸው ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ አያጡም፤ ጋይንት ተወልዶ ለስድብ መልስ ያጣ ሰው እኔ አላውቅም። አንጀታቸውን ያሳረረው የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አቶ ፈንታሁን እንደ በሽተኛ እያባበለ የነገራቸው ነገር ነው።

«የኔታ፣ ዕድሜ ነው እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ከእንግዲህ ይረፉ። ማኅሌቱን አስማረ ይምራልን።»

ጣጣው የመጣው በቴሌቪዥን ነው። በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በጥምቀት፣ አስቻለው የሚባል የመካነ ኢየሱስ ከተማ ቪዲዮ ቀራጭ ካሜራውን ተሸክሞ መጣና የካህናቱን ወረብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀረጸ። ሲዲው ሲወጣ ሰው ተሻማበት። ሰበካ ጉባኤውም መሪጌታ ባሉበት በአዳራሹ ተሰብስቦ አየው። መጀመሪያ ላይ ማለፊያ ነበር፤ የመሪጌታ መቋሚያ ከዜማው ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። እየቆየ ግን መቋሚያው ቀድሞ ይወርድ ጀመር። ወደ መጨረሻው፣ ወረቡ በሚፈጥንበት ላይ፣ እጃቸው ሌላ ዜማው ሌላ ሆነ። አንዱ ሽማግሌ «ደከሙ» አለ። ሌላው ከንፈሩን መጠጠ።

እኒህን ሰው የማያውቅ ይህ ምን ያናድዳል ይል ይሆናል። ድጓውን በጋይንቷ ቤተ ልሔም ተምረው፣ አቋቋሙን ጎንደር አስመስክረው ወደ እስቴ የመጡት ገና በጎልማሳነታቸው ነው። ሀብት አላፈሩም፤ ያላቸው ይኸው ሙያቸው ነው። በሬ ጠምደው ሲያርሱ እንኳ ከንፈራቸው ከዜማ አያርፍም። ሲያስተምሩም በቃል ብቻ አይደለም፤ ከተማሪው ኋላ ቆመው የእጁን አንጓ ይጨብጡና መቋሚያው ከቃሉ ጋር እኩል እስኪወርድ ድረስ አይለቁትም። ለቀደመም ለዘገየም ወዮለት። ዛሬ በቦታቸው እንዲተካ የተባለው ከበሮ መቺው አስማረም እንዲሁ ተጨብጦ የወጣ የእጃቸው ሥራ ነው።

ከአዳራሹ ሲወጡ ታዲያ ከንዴታቸው ሥር ፍርሃትም ነበረ። በዓይናቸው ያዩትን እንዴት ይካዱት? ቤታቸው እንደ ደረሱ ጓሮ ቆመው ባለቤታቸውን ጌጤን ጠሩ።

«የጥምቀቱን ልበልልሽ። ከሳትኩ ንገሪኝ፤ እንዳታዝኚልኝ።»

ጌጤ ይህን ወረብ ዕድሜ ልኳን ሰምታዋለች። እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው አየቻቸው።

«ምኑን ነው የሳቱት? ያው የሁልጊዜው ነው» አለች።

መሪጌታ በዚህ አልተጽናኑም። ይልቁንስ ደማቸው ፈላ። እሳቸው ካልሳቱ የሳተው ማን ነው?

በማግስቱ መካነ ኢየሱስ ወርደው አስቻለው ሱቅ ገቡ። ወንበር ቢያቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ። ሲዲውን ከፈተላቸው።

«ይኸው የኔታ፣ ድምፁም ምስሉም አንድ ላይ ነው እኮ።»

«መጀመሪያውን ማን ጠየቀህ? መጨረሻውን አምጣ።»

አመጣው። በዚህ ጊዜ መሪጌታ ራሳቸውን አላዩም፤ ሌላውን ሁሉ አዩ። አንዲት ሴት እልል ብላ፣ አፏን ዘግታ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ሳለ እልልታዋ ኋላ መጣ። የአስማረ እጅ ከበሮውን መታ፤ ድምፁ የተሰማው እጁ ከተነሣ በኋላ ነው።

«ይኸ ጎረምሳም አርጅቶ ነው?» አሉ። «እልል የምትለዋስ?»

የአስቻለው ፊት ተለዋወጠ። ከካሜራው ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጠው ድምፁ ከምስሉ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ እየቀረ መሄዱ ነው። እሱ ደግሞ መጀመሪያውን ብቻ አይቶ፣ ደህና ነው ብሎ አባዝቶታል።

«ይቅርታ የኔታ፣ እስከ መጨረሻው አላየሁትም ነበር።»

«የሰው ስም ሳይታይ ይባዛል? አሁን አስተካክለህ እሑድ ትመጣለህ። ያዋረድከኝ አዳራሽ ውስጥ ቆመህ ይህንኑ ትናገራለህ።»

አስቻለው ቃሉን ጠበቀ። እሑድ መጥቶ ያስተካከለውን ሲዲ አሳየ፤ ጥፋቱንም በራሱ አፍ ተናገረ። መቋሚያውና ዜማው እስከ መጨረሻው አልተለያዩም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ፈንታሁን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት የኔታ፤ ቦታዎ ያው ቦታዎ ነው» አለ። ይህ ሰው በጥምቀቱ ዕለት ከካህናቱ አጠገብ ቆሞ ሲያጨበጭብ የዋለ ነው። በገዛ ጆሮው የሰማውን ትቶ ሲዲ ያመነ ሰው ምን ይባላል?

መሪጌታ ግን ፈንታሁንን አልሰሙትም። የሚያዩት ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን አስማረን ነበር። የተበላሸው ሲዲ የታየ ዕለትም አስማረ እዚያው ነበር፤ የመምህሩ ቦታ ለእሱ ሲሰጥ ብድግ ብሎ እጅ ነሥቶ ተቀብሏል።

«አስማረ» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያን ዕለት የእኔን መቋሚያ ሁሉም አየ። አንተ የራስህ እጅ ከከበሮው ድምፅ ሲቀድም አላየህም?»

አስማረ ከወንበሩ ተነሣ።

«አይቻለሁ፣ የኔታ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህም ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አስማረ ከፊታቸው ቆሞ ከበሮውን ይመታል፤ የእሱ እጅና የእሳቸው መቋሚያ አንድም ጊዜ ተለያይተው አያውቁም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ግን ሰላምታውን አይመልሱለትም።