በር የማይንኳኳበት ክፍል

ታላቅ ወንድሜን ሠራተኛው ሁሉ «ብረቱ» ይለዋል። ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እሳት ሲነሳ ገብተው ሰው የሚያወጡትን የሚያሠለጥን እሱ ነው። ድሮ እሱም ይገባ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛው ጭስ ውስጥ ደንግጦ ጭንብሉን ከፊቱ ገነጠለ፤ ሊያረጋጋው የሞከረውንም አንቆ ይዞት አብረው ሞቱ። የሁለቱን ሬሳ በጀርባው ያወጣው ወንድሜ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሰው መጀመሪያ የሚሞተው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው» ይላል፤ ጭንቅላታቸውን የሚያጠነክረውም በዱላ ነው።

እኔ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ እሱ የሚያሠለጥንበት ቦታ እሳት እማግዳለሁ። ሠልጣኞቹ ጭንብል አጥልቀው ከብረት የተሠራ ክፍል ይገባሉ፤ እኔ ከጀርባው ምድጃውን አነድዳለሁ፤ እሱ በሩን ከውጭ ይቀረቅርና ይሰድባቸዋል። በሩን ያንኳኳ ይባረራል። ሕጉ ይኸው ነው።

ያን ቀን አራት ሆነው ገቡ። አንዱ ባሌ ነው። አንዱ የሦስት ልጆች አባት፣ ሲመታም የሚስቅ፣ «ሳቂታው» የምንለው ሰውዬ ነው። ከመግባታቸው በፊት ወንድሜ በጥፊ አጮለው።

«አሁንም ትስቃለህ?»

«እጅዎ ከምድጃው ይብሳል፣ ጋሼ።»

ሁሉም ሳቁ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ከባድ ነገር ከግድግዳው ተላትሞ ወደቀ። ከዚያ ዝም።

«ጋሼ፣ ሰው ወድቋል። ክፈት!» አልኩት ወንድሜን።

«አላንኳኩም።»

«አታንኳኩ ያልካቸው አንተ አይደለህ እንዴ!»

ወደ መቀርቀሪያው ስሄድ ፀጉሬን ይዞ ከበሩ ጋር አላተመኝ። አፌ ደም ሞላ። የከሰል አካፋውን አንስቼ ግንባሩን ብዬ ጣልኩት።

በሩን ስከፍት ሳቂታው ከጋለው ግድግዳ ሥር ተዘርግቷል፤ የጀርባው ቆዳ ተልጦ ብረቱ ላይ ቀርቷል። ባሌ ሊያንኳኳ ያነሳውን እጁን አየር ላይ ይዞ ቆሟል።

«ምነው አታንኳኳም!» ብዬ ደረቱን በቡጢ ደበደብኩት።

«ብባረርስ?» አለኝ።

ሳቂታው ተርፏል፤ ተመልሶ ግን አልመጣም። ወንድሜ ግንባሩን ተሰፍቶ በሳምንቱ መጣ። ያባርረኛል ብዬ ጨርቄን ሰብስቤ ጠበቅሁት። ሠልጣኞቹን እንደ ልማዱ ሰደበ፣ መታ፣ አስገባ። በሩን ከመቀርቀሩ በፊት ግን አካፋውን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

«አንቺ ጆሮሽን ከዚህ በር እንዳትነቅዪ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።