የመሬቱ መዝገብ ዕድሜ

የምሠራው ንፋስ መውጫ፣ የገበሬው መሬት ኮምፒውተር ላይ በሚመዘገብበት ቢሮ ነው። ዳታቤዙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «ከእንግዲህ ወሰናችሁ አይጠፋም» እያልሁ ስንቱን አሳምኛለሁ። በቅርቡ ግን ዳታቤዙን የሠራሁበትን ፕሮግራም ያወጣው ኩባንያ ድጋፉን ይቀጥል አይቀጥል እንደማይታወቅ አነበብሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሰኞ ዕለት በአቅራቢያችን ካለው ከቤተ ልሔም ደብር አንድ የድጓ መምህር እርሻቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። ስጨርስላቸው፣

«ልጄ፣ ለልጅ ልጆቼ ይቆያል?» አሉኝ።

አዎ ልል ነበር፤ ኅሊናዬ እንቢ አለኝ።

«እንጃ፣ የኔታ። ባለቤቶቹ ፕሮግራሙን ከተዉት፣ ሲበላሽ ማደሻ የለውም።»

«ሌላ የሚያውቀው የለም?»

«እዚህ እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንድ መምህር ብቻ የቀረለት ትምህርት ከመምህሩ ጋር ይቀበራል። እንዲህ ሲሆን እኛ ተማሪ እንልካለን» ብለው ወጡ። ሊያጽናኑኝ ያሉት መሰለኝ።

በማግስቱ ቢሮ ስደርስ ሦስት ጎልማሳ የድጓ ተማሪዎች ስንቃቸውን አንግተው በሩ ላይ ቆመዋል። ትልቁ እጅ ነሣኝ።

«እትዬ፣ የአገሩን ወሰን ሁሉ በቃላችን እንድንይዝ የኔታ ልከውናል። ከየትኛው ቀበሌ እንጀምር?»