የአምቦ ኑሮ በእጃጂ

እጃጂ ላይ የትንንሽ ልጆች አስተማሪ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። የእሱ ገቢ በመስቀልና በገና ሰሞን ይሞላል፣ በሌላው ጊዜ ይሳሳል። ስለዚህ ቤታችን የሚታቀደው በእኔ ደመወዝ ነበር።

ያን ጊዜ በእኛ ከተማ ከአሥረኛ ክፍል በላይ ትምህርት አልነበረም። የመጀመሪያ ልጃችን አሥረኛ ክፍል እንደገባች አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ፈተናውን ካለፈች መሰናዶ ለመማር አምቦ መሄድ አለባት። ወይ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፣ ወይ ሁላችንም እንሄዳለን። ብቻቸውን የሄዱ ሴቶች ልጆችን አይቻለሁ። ጎበዝ ሆነው ሄደው፣ ከስተው የተመለሱ ነበሩ። ስለዚህ ነገር ጠዋት ጠዋት እጸልይ ነበር።

ጥር ላይ ደብዳቤ መጣ። የላከችልኝ ቀድሞ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ናት፤ አምቦ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። የምትሠራበት የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደሚፈልግ ጻፈች። ደመወዙ የእኔን አንድ ተኩል ያህል ነበር። መልሴን እስከ ሰኔ ይጠብቃሉ።

ባለቤቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ታዲያ ምን ያሳስባል? ይበልጣል አይደል?» አለ።

ይበልጣል። ከምን እንደሚበልጥ ግን አላውቅም ነበር። ጸሎቴ የተመለሰ መሰለኝ፤ ሆኖም የተሰጠኝን ሳላይ መቀበል ፈራሁ። አንድ ቅዳሜ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፍሬ አምቦ ወረድኩ።

ጓደኛዬ ቤቷ ተቀበለችኝ። በአከራይ ጓሮ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሻይ እየጠጣን ጥያቄ ጀመርኩ።

«ውኃ እንዴት ነው?»

«ቧንቧ አለ። ሲጠፋ ይገዛል።»

«እንጨትስ?»

«ይገዛል።»

«ጎመን?»

«ይገዛል።»

«ወተት?»

«ወተትማ ይገዛል፤ ውኃ ያልገባበት ካገኘሽ።»

«ድስት የምታጥቢበት አመድስ?»

ሳቀችብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ደመወዙን ስትሰሚ ደስ ይልሻል ብዬ ጻፍኩልሽ፤ አንቺ አመድ ትጠይቂኛለሽ?»

የእያንዳንዱን ዋጋ ግን ነገረችኝ፤ የአመድ ብቻ ቀረ። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጃጂ ላይ ሳንገዛ የምናገኘውን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። እንጨቱ ከባለቤቴ ወንድም ባሕር ዛፍ ይመጣል። ውኃውን ልጆቼ ከምንጭ ይቀዳሉ። ጎመኑ ጓሯችን ነው። ቤቱ የራሳችን ነው። በመኸር ተማሪዎቼ የበቆሎ እሸት ያመጡልኛል። ወተቱን ጎረቤታችን ይልኩልናል። ጌዶ ሳንደርስ ጣቶቼ አለቁ። ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ዋጋ አስቤለት አላውቅም። ገረመኝ።

እቤት እንደገባሁ ለባለቤቴ ሐሳቤን ነገርኩት። አንድ ወር እጃጂ ተቀምጠን የአምቦን ኑሮ እንኑር አልኩ። ለአዲስ የስፌት መኪና ካስቀመጠው ገንዘብ በደመወዜ ላይ ጨምረን የአምቦውን ደመወዝ እናደርገዋለን። አምቦ ላይ የሚገዛውን ሁሉ እዚህም እንገዛለን። የሚከፈለው ሰው ከሌለ ገንዘቡ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል። ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ ካለቀ እናየዋለን።

«ጎመን ጓሯችን ቆሞ ጎመን እንገዛለን ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«እውነቱን ንገር።»

«እውነቱን ካወራሁ ማን ልብስ ያሰፋኛል?» አለ። ግን እሺ አለኝ።

ሚያዝያ አንድ ቀን ጀመርን። የቤት ኪራይ ጣሳ ውስጥ ገባ። የእንጨት ገባ። ውኃ በአህያ ከሚያመላልስ ሰው ገዛን። ገበያ ወጥቼ አምስት እስር ጎመን ገዝቼ፣ የራሴን ጎመን አልፌ ወደ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ጨዋታ አለፍነው። ልጆቹም ከእኔ ቀድመው «እማዬ፣ ይሄ አምቦ ላይ ይገዛል!» ይሉኝ ጀመር።

የከበደኝ ወተቱ ነው። ጎረቤታችን በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ አዴ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው። አራት ላሞች ነበሯቸው። በአካባቢያችን ቅቤ ገበያ ይወጣል እንጂ ትኩስ ወተት ለጎረቤት መሸጥ ነውር ነው። ወተቱ በጮጮ ይመጣል፤ ዕቃው ታጥቦ ሲመለስ እርጥብ ሣር ይደረግበታል። ሣሩ ለላሞቹ የምርቃት ያህል ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ገንዘቡ ከቤት ካልወጣ ሙከራው እውነት አይሆንም ብዬ አሰብኩ። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ጮጮውን አጥቤ በሣሩ ፈንታ ሁለት ብር አጥፌ አስገባሁበት።

ታላቋ ልጄ አየችኝ። «እማዬ፣ ሣሩ ይሻላል» አለች።

«አድርሺ» አልኳት።

አደረሰች። በማግስቱ ወተት አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። በአራተኛው ቀን በዕረፍት ሰዓት ልጆቹን እየጠበቅሁ ሳለ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ድምፅ ሰማሁ።

«ባርሲስቱ!»

በኦሮምኛ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ይጠሩኛል። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ሮጬ ሄድኩ።

«አካም ቡልተን፣ አዴ?»

«እኔ ደኅና ነኝ። ላሞቼ ግን ሥራ መያዛቸውን አላወቅሁም ነበር።»

«አዴ…»

«ደመወዝ ላክሽላቸው እኮ! ብትነግሪኝ ፊርማቸውን ይዤልሽ እመጣ ነበር። መንግሥት እንኳ አንቺን ወር ጠብቆ ነው የሚከፍልሽ፤ አንቺ በየቀኑ መክፈል አማረሽ?»

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሁለቱን ብር በአጥሩ ቀዳዳ ሰጡኝ። ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። ልጆቹ መጫወታቸውን ትተው ይመለከቱናል። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ከዚያ ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ አምቦ፣ ስለ ጣሳው። ጎመኑ ላይ ስደርስ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ማሎ! ለዚህ ነው? እኛ እኮ ጎመናችሁ መርዝ ነክቶታል ብለን ነው። ልጆቼን በእናንተ ጓሮ እንዳታልፉ ብዬ ከለከልኩ!»

አብረን ሳቅን። ደወል ሊደወል ነበር፤ እሳቸው ግን መሄድ አልፈለጉም። እንደኔው ማወቅ አማራቸው። እንጨቱ ስንት ነው? ኪራዩስ? ውኃም ይገዛል? የእያንዳንዱን ነገርኳቸው። በመጨረሻ ጠየቁኝ።

«ልጅቷስ? እሷን ስንት አልሻት?»

እሷን በየትኛውም ሒሳብ አልቆጠርኳትም ነበር።

«የእኔ ልጅ አምቦ ተከራይታ ተምራለች፣ ታውቂያለሽ» አሉ። «በየሁለት ሳምንቱ እንጀራ በአውቶቡስ እልክላት ነበር። ሲደርሳት ግማሹ ሻግቷል። ሲያማት ማን አያት? የካቲት ላይ ተመልሳ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ሂጂ ብላት እንቢ አለች። አሁን ሁለት ልጅ አላት። ልጆቿን እወዳቸዋለሁ።» ቋጠሮውን ያሰሩበትን የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ። «ወተቱን ነገ እልካለሁ። ገንዘብ ካየሁበት ግን አልምርሽም» ብለው ሄዱ።

ወተቱን ሳንቆጥር ሙከራውን ቀጠልንበት። የአምቦው ደመወዝ ሚያዝያ ሃያ ሁለት ቀን አለቀ። ስምንት ቀን ጎደለን። ልብሳችን ሳይቀየር፣ ማንም ሳይታመም ነው ይህ።

አንድ ነገር ግን ከዚያ ወር አገኘሁ። በጸሎት ቤታችን አሥራት ሳወጣ ሁልጊዜ ከደመወዜ ብቻ ነበር። እንጨቱን፣ ምንጩን፣ እሸቱን፣ ወተቱን ከገቢ ቆጥሬው አላውቅም። ለካ እግዚአብሔር በአንድ እጁ የሚሰጠኝን ብቻ ነበር የማየው። ጣሳ ውስጥ የተጠራቀመውን እሑድ ወስጄ ሰጠሁ። ባለቤቴ የስፌት መኪናው ገንዘብ መሆኑን ቢያውቅም አልከለከለኝም።

ሰኔ ላይ እንመጣለን ብዬ ጻፍኩ። ስምንቱ ቀን በምን እንደሚሞላ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ፣ «አምቦም ሰው ልብስ ይለብሳል» አለ። ልጄ ፈተናውን አለፈች። መስከረም ሳይጠባ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ሄድን።

አምቦ ስንገባ መመዘኔን አላቆምኩም። የፈራሁት ሁሉ እንደፈራሁት አልሆነም። ሳሙናና ጨው ከእጃጂ ይረክሳሉ። ሐኪም ቤት በእግር ይደረሳል። ማንም ያልነገረኝ ወጪ ደግሞ አገኘሁ፤ እንግዳ። ከእጃጂ ለሕክምና የሚመጣ፣ ለፍርድ ቤት የሚመጣ፣ ለዞን ቢሮ ጉዳይ የሚመጣ ሁሉ የእኛን ቤት ያውቃል። በመጀመሪያው ወር ብቻችንን ያደርነው ሦስት ሌሊት ነው። ግን ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። አንዱ ጤፍ፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ግማሽ ጆንያ ድንች ይዞ ይመጣል። አዴ ለዓይናቸው ሕክምና ቅቤ ይዘው መጥተው ዘጠኝ ቀን ተቀመጡ። ልጄ አልጋዋን ለቀቀችላቸው። ጠዋት ስታጠና አጠገቧ ተቀምጠው፣ የማያዩትን መጽሐፍ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ይሄ ገጽ አለቀ?» ይሏታል። አለቀ ስትላቸው ይመርቋታል።

ትልቁን ስሕተቴን ያወቅሁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የግል ትምህርት ቤቱ ለሐምሌና ለነሐሴ ደመወዝ አይከፍልም። ወሩን መዝኜ ዓመቱን ረስቼ ነበር።

ጓደኛዬን፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አመድ ስትጠይቂኝ ጠፋብኝ» አለች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ሁለት ወር ሙሉ፣ አራት ልጆች ይዤ። ልጅቷን ወደ እጃጂ ይዤ ልመለስ ወይ ብዬም አሰብኩ። ሐምሌ ገብቶ ስጸልይ ሰነበትኩ። በሳምንቱ አከራያችን የልጆቿን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለባለቤቴ አመጣች። ከዚያ ጎረቤቷ አመጣች። እጃጂ ላይ ክረምት ሥራ የማይገኝበት ጊዜ ነው። አምቦ ላይ ግን ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ወላጅ ሁሉ መስከረም ሳይደርስ ያሰፋል። እኔ ደመወዝ በማይከፈለኝ በዚያው ሁለት ወር እሱ ለመኝታ ጊዜ አጣ። ቁልፍ እየተከልኩ፣ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ረዳሁት። ይህ በየትኛው ጣሳ ይገባ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጌታ ይመስገን።

በሁለተኛው ክረምት ልጄ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ጨርሳ ውጤት ትጠብቅ ነበር። እኛ ዩኒፎርም ላይ ነን። አንድ ጠዋት ጓደኛዋ መጥታ «ተለጥፏል!» አለቻት። ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ሮጠች። ልከተላት ብድግ ብዬ ተውኩት፤ መሄድ ያለባት ብቻዋን እንደሆነ ተሰማኝ። አባቷ ስፌቱን አላቆመም፤ ግን መኪናው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይመላለስ ነበር።

ተመልሳ መጣች። በር ላይ ከተከመረው የሰማያዊ ልብስ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ባለቤቴ አፉ ውስጥ ስፒል ይዟል፤ መጠየቅ አልቻለም። እጁን ብቻ ዘረጋ።

«ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ» አለች።

እሱ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። እኔ የያዝኩትን ልብስ አስቀምጬ ተንበረከክሁ፤ እሷም አጠገቤ ወረደች። አመሰግንሃለሁ ብቻ አልኩ። ስንነሳ ጉልበቷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቆ ነበር፤ አራገፍኩላት። ከዚያ ወደ ሥራችን ተመለስን። ሰኞ የሚደርስ ሃያ ሁለት ቀሚስ ነበረብን፤ ሦስተኛ ሆና እሷም ቁልፍ ያዘች።