«ሥራ የለኝም» ብላ ላለመፈረም

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ የእድር ሰዎች አስከትላ የቪዛ ማመልከቻ መቀበያው ቢሮ በር ላይ ደረሰች። ማንም አልጠራቸውም።

ታናሽ እህቴና እኔ ቀድመን ተሰልፈን ነበር። እህቴ ሀና ማርያም ካለው የእናታችን ቤት ሆና ለአንድ የውጭ ድርጅት ሂሳብ ትሠራለች። ድርጅቱ ክረምት ላይ ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጀምሮ ደመወዝ የሚከፍለው ሕጋዊ ወኪል ባለው አገር ለሚኖሩ ሠራተኞች ብቻ ነው ይላል። የእኛ አገር ከእነዚያ ውስጥ የለችም። ወይ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ ትሄዳለች፣ ወይ ሥራዋን ታጣለች።

የመረጠቻት አገር ሁለት ዓይነት ፈቃድ ትሰጣለች። አንዱ ከርቀት ለሚሠራ ሰው ነው። ሌላው ሳይሠራ ገቢ ለሚገባለት፣ ኪራይ ወይም የአክሲዮን ትርፍ ለሚያገኝ ነው። የሁለቱንም መስፈርት ከመንግሥቷ ድረ ገጽ አውጥቼ ጎን ለጎን አነበብኩ። ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ የጤና ኢንሹራንስና የማረፊያ ቤት ውል ሁለቱም ይጠይቃሉ። ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። ሠራተኛው የሥራ ውሉን፣ ከሌላ አገር ሆኖ እንዲሠራ አሠሪው መፍቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የአሠሪውን የንግድ ምዝገባ፣ ዲፕሎማውንና የደመወዝ ማስረጃውን፣ ሁሉንም አስተርጉሞና አረጋግጦ ያቀርባል። ባለ ኪራዩ የቤት ካርታ፣ የኪራይ ውልና የባንክ ስቴትመንት ካመጣ ይበቃዋል። ላብ ያለበት ፋይል ይወፍራል፣ ላብ የሌለበት ይቀጥናል። ደግሜ አጣራሁ፤ አልተሳሳትኩም።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ቢሮ የከፈተ ጉዳይ አስፈጻሚ ዘንድ ሄድን። ወፍራሙን ፋይል በጣቱ ገፋ አደረገው።

«እህቴ፣ ምን አደከመሽ? እናትሽ ሰርቪስ ቤቶች ያከራያሉ አላልሽኝም? ካርታውን በስጦታ ወደ ስምሽ አዙሪ። አከራይ ነሽ፣ አለቀ።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራሽን ማን ያየዋል? ላፕቶፕ ነው። በር ዘግተሽ ትሠሪያለሽ።»

መስፈርቱን አውጥቼ አንዱን አንቀጽ አነበብኩለት። ባለ ኪራዩ በዚያ አገር ሲኖር ምንም ሥራ፣ ከርቀትም ቢሆን፣ እንደማይሠራ ፈርሞ ነው የሚገባው።

«ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ሁሉን ታነባለህ» አለኝ።

እህቴ ወረቀቶቿን ሰብስባ ተነሳች። ደረጃውን ስንወርድ «ከዚያ ሁሉ መብራት መጥፋት ጋር ስታገል ኖሬ፣ ሥራ የለኝም ብዬ ልፈርም?» አለች።

እናታችን ካርታውን ለመስጠት አላመነታችም። «ውሰጂው፣ ጭቃና ቆርቆሮ ነው» አለቻት። እህቴ አልወስድም አለች። በሰርቪስ ቤቶቹ ያሉት ተከራዮች የተጻፈ ውል ኖሯቸው አያውቅም። ኪራዩ በቃል ነው፤ አንዷ ልጆቿን እዚያው ወልዳ ለትዳር አብቅታለች። ለእሷ ቪዛ ሲባል በሰው ቤት ላይ አዲስ ውል ማምጣት አልዋጥ አላት። ለድርጅቱ ደጋግማ ጻፈች፣ ደወለች፣ ተቆጣች። በመጨረሻ የንግድ ምዝገባውንም ደብዳቤውንም ላኩላት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰነዶቹን ስታመሳክር መስፈርቱን ጮክ ብላ በአማርኛ ታነብ ነበር። «አመልካቹ ከቤቱ ሆኖ እንደሚሠራ ማስረጃ» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ የአሠሪው ደብዳቤ ስለሚበቃ አልፋው ሄደች። እናቴ ግን አላለፈችውም። በእሷ ዕድሜ ቀበሌም ሆነ ፍርድ ቤት ያለ ሰው ምስክር የጨረሰው ጉዳይ አልነበረም። ምንም ሳትነግረን የእድሩን ሊቀመንበርና ባለ ሱቁን ሐጂን አስጠራች።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ።

«እናቴ፣ ቀጠሮ ያለው ብቻ ነው የሚገባው።»

«እነዚህ ምስክሮች ናቸው።»

«የምን ምስክር? ፍርድ ቤት መሰለዎት እንዴ?»

«ልጄ ሥራ አላት። እነሱ አይተዋል።»

ሐጂ ወደፊት መጡ። «መብራት ሲጠፋ እኔ ሱቅ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ካላመንክ ጄኔሬተሬን ጠይቀው።»

ሰልፉ ሳቀ። እህቴ አንገቷን ደፋች። ሊቀመንበሩ ቤተሰቦቻቸው ከተማው ሳይደርስ እዚያው ሰፈር ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔ እንኳ መጀመሪያ ሥራ ፈት መስላኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። ባል ልፈልግላት ሁሉ አስቤ ነበር።»

«አሁንስ፣ አባቴ?» አለ ጥበቃው፣ ሳቁን እየዋጠ።

«አሁንማ ቀብር ስንጠራት ስብሰባ ላይ ነኝ እያለች ቀርታ በእድሩ ተቀጥታለች። ቅጣቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሥራ የሌለው ሰው ቀብር ቀርቶ ይቀጣል?»

«እማዬ፣ አዋረድሽኝ እኮ» አለች እህቴ።

«የሚዋሽ ይዋረድ!»

ጥበቃው ምስክሮቹን አላስገባም። ወንበር ግን አወጣላቸው። እህቴ ስትጠራ እኔ ተከትያት ገባሁ።

የመስኮቷ ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት። ፋይሉን ገጽ በገጽ አገላበጠችው።

«ይሄ ለማጣራት ጊዜ ይወስዳል» አለች። «ሥራዎ የሚያበቃው ደግሞ በቅርቡ ነው። የኪራይ ገቢ ካለዎት በዚያኛው ያስገቡ፣ ይፈጥናል።»

«ኪራዩ የእናቴ ነው። የእኔ ሥራዬ ነው።»

«ካልተፈቀደ የከፈሉት አይመለስም።»

«አይመለስ። በሥራዬ መዝግቢኝ።»

ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ማመልከቻው ከርቀት ለሚሠሩ በተመደበው ዘርፍ ተመዘገበ። ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ውሳኔ አልመጣም።